በቆሎና አመድ፦ ሆሚኒና ግሪትስ ስለሚባሉት ምግቦች

በዛሬው ዝግጅታችን ስለ በቆሎ እንነጋገራለን። በቆሎን የማያውቅ ማን አለ ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ እሸቱን ጠብሰን እንበላለን፣ ደረቁን ንፍሮ እንቀቅላለን፣ ዱቄቱን ገንፎና ቂጣ እናደርገዋለን፣ ከጤፍ ጋር ቀላቅለንም እንጀራ እንጋግረዋለን። ዛሬ በአገራችን በምርት ብዛት ከእህሎች ሁሉ የሚቀድመው በቆሎ ነው። ይሁን እንጂ ይህ እህል የተወለደው እዚህ አይደለም። በአንዳንድ ቦታ «የባሕር ማሽላ» እየተባለ ሲጠራ ስሙ ራሱ ባሕር ተሻግሮ የመጣ እንግዳ መሆኑን ይናገራል። እንግዲህ ዛሬ እኛ በተራችን ባሕሩን እንሻገርና በቆሎ በተወለደበት በአሜሪካ ምድር ሰዎች ከጥንት ጀምሮ እንዴት አድርገው እንደሚያዘጋጁት እንይ። ከምግቦቹ መካከል ሁለቱን መርጠናል። አንደኛው ሆሚኒ ይባላል፤ ሁለተኛው ግሪትስ።

ቃላቱ አዲስ ስለሆኑ ቀስ ብለን እንያዛቸው። ሆ - ሚ - ኒ፤ ሦስት ፊደል ነው። ግ - ሪ - ት - ስ፤ አራት ፊደል ነው። ሆሚኒ ማለት ልጣጩ በአመድ ውሃ ወይም በኖራ ተገፎ የተቀቀለ የበቆሎ ፍሬ ነው። ሲያዩት ንፍሮ ይመስላል፤ ሲቀምሱት ግን ንፍሮ አይደለም። ግሪትስ ደግሞ ደረቁ በቆሎ ተሸርክቶ፣ ከዱቄት ሻከር ከቅንጬ ደቀቅ ብሎ፣ በውሃ ወይም በወተት እንደ ለስላሳ ገንፎ የሚበስል ነው። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው። እንዴት እንደተዛመዱና እንዴት እንደተለያዩ ወደ በኋላ እንደርስበታለን፤ መለያየታቸው ብዙ ሰው የሞተበት ታሪክ አለውና።

በቆሎ በመጀመሪያ የዱር ሣር ነበር። ከ9 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በደቡብ ሜክሲኮ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ያንን ሣር እየመረጡ እየዘሩ፣ ደግሞ እየመረጡ እየዘሩ፣ ጥቂት ፍሬ ብቻ ይይዝ የነበረውን ራስ ዛሬ የምናውቀው የበቆሎ ራስ አደረሱት። ስማቸው ያልተጻፈ የብዙ ትውልድ ገበሬዎች ሥራ ነው። እህሉ ቢገኝም ግን አንድ ችግር አለው። ደረቅ በቆሎ ቀቅሎ የበላ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው የፍሬው ልጣጭ አይላምም። ቀኑን ሙሉ ቢንተከተክ እንኳ ጥርስ መካከል የሚሰነቀረው፣ ልጆች እንትፍ የሚሉት እሱ ነው። የሜክሲኮና የአካባቢው ሰዎች ለዚህ መላ ካገኙለት ቢያንስ 3 ሺህ ዓመት ሆኗቸዋል። መላው ምን ይመስላችኋል? በየምድጃው ሥር የሚገኘው አመድ ነው።

አሁን በየቤታችን «አመድ ምግብ ውስጥ?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። እስቲ ሥራውን እንከተለውና ከዚያ በኋላ እንፍረድ።

ከጠንካራ እንጨት የነደደ ንጹሕ አመድ በወንፊት ይነፋል። ውሃ ውስጥ ገብቶ ይፈላል። ውሃው በጣት ሲታሽ እንደ ሳሙና ውሃ የሚያሟልጭ ከሆነ ደርሷል ማለት ነው። ደረቁ በቆሎ ታጥቦ ይጨመርበታል። ወዲያው ቀለሙ ይለወጣል፤ ነጩ ወደ ቢጫ፣ ቢጫው ወደ ብርቱካን ይሄዳል። ለስለስ ባለ እሳት ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ያህል ከተንተከተከ በኋላ ከእሳት ይወርድና ተከድኖ ያድራል። ጧት ሲከፈት ልጣጩ እንደ እርጥብ ወረቀት ላልቶ ይገኛል። በመዳፍና በመዳፍ መካከል ሲያሹት ይገፈፋል። በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩት የሃውደኖሾኒ ሕዝቦች ለዚሁ ሥራ የተለየ ቅርጫት አላቸው፤ በቆሎውን በቅርጫቱ አድርገው ወራጅ ውሃ ላይ እየነከሩ ሲያገላብጡት ልጣጩ ከአመዱ ጋር ይሄዳል። ዋናው ነገር ውሃው ጥርት እስኪልና ማሟለጩ እስኪቀር ድረስ ደጋግሞ ማጠብ ነው። እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው ምግቡ ሳሙና ሳሙና ይለዋል።

ታጥቦ ያበቃው ፍሬ እንደገና በንጹሕ ውሃ ሁለት ሦስት ሰዓት ይቀቀላል። ያን ጊዜ ነው ደስ የሚለው ነገር የሚታየው። ልጣጭ የሚባል የለ፣ የሚይዘው የለ፤ ፍሬው ያብጥ ያብጥና ጫፉ እንደ አበባ ይፈነዳል። መጠኑ ደረቅ ከነበረበት እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል። ሲታኘክ ውጪው ለስላሳ፣ መካከሉ ጠንከር ያለ ነው። ሽታው የዝናብ የመጀመሪያ ጠብታ የነካውን አፈር ያስታውሳል። ይኸው ነው ሆሚኒ።

አመድ በሌለበት ወይም ብዙ በቆሎ በሚዘጋጅበት ቦታ ኖራ ይተካዋል። በሜክሲኮ ዛሬም በየገበያው ለምግብ ተብሎ የተዘጋጀ ኖራ ይሸጣል። ልኩ ቀላል ነው፤ ለ1 ኪሎ በቆሎ 10 ግራም ያህል ኖራና 3 ሊትር ውሃ። በዚህ መንገድ የተዘጋጀው በቆሎ በሜክሲኮ «ኒሽታማል» ይባላል። ቃሉ ከናዋትል ቋንቋ የመጣ ሲሆን «ኔሽትሊ» አመድ፣ «ታማሊ» ደግሞ የበቆሎ ሊጥ ማለት ነው። ባለሙያዋ ኒሽታማሉን ገና እርጥብ እንዳለ በድንጋይ ወፍጮ ላይ ስትፈጨው ሊጥ ይሆናል። ልብ በሉ፤ ተራ የበቆሎ ዱቄት በውሃ ብናቦካው ይፈረካከሳል እንጂ እንደ ስንዴ ሊጥ አይያያዝም፤ ቂጣ ስንጋግር የሚሰነጣጠቅብን ለዚህ ነው። በአመድ ወይም በኖራ ያለፈው ግን ይያያዛል፤ ስስ ተደርጎ ሊዳመጥና ሊታጠፍ ይችላል። የሜክሲኮ ሰዎች በየቀኑ የሚበሉት ቶርቲያ የተባለው ስስ ቂጣ የሚጋገረው ከዚሁ ሊጥ ነው።

ሆሚኒ የሚለው ቃል ግን የሜክሲኮ አይደለም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1607 ጄምስታውን በሚባል ቦታ ሲሰፍሩ በአካባቢው ከሚኖሩት ነባር ሕዝቦች የወሰዱት ቃል ነው። ቦታው ዛሬ ብዙ የአገራችን ልጆች በሚኖሩባት በቨርጂኒያ ይገኛል። ስለዚህ እዚያ ያላችሁ ዘመዶቻችን «ሆሚኒ» የሚል ቆርቆሮ በመደብር ስታዩ፣ ቃሉ የዚያችው ምድር የጥንት ባለቤቶች ቃል መሆኑን አስታውሱ። እነዚያ ሕዝቦች በቆሎን የሚወቅጡት ከግንድ በተፈለፈለ ትልቅ ሙቀጫ፣ በረጅም ዘነዘና ነበር። የእኛ እናቶች ሙቀጫውን ቢያዩት ምን እንደሆነ የሚነግራቸው ሰው አያስፈልጋቸውም።

ታዲያ ሆሚኒ በምን ይበላል? እንደየአገሩ ነው። ሃውደኖሾኒዎች ከቦሎቄና ከሥጋ ጋር ረጅም ሰዓት ቀቅለው ሾርባ ያደርጉታል። ጥንት የአጋዘን ሥጋ ነበር፤ በኋላ በጨው የተቀመጠ የአሳማ ሥጋ ተተካ። በሜክሲኮ «ፖሶሌ» የሚባል አለ፤ ሆሚኒው ከአሳማ ወይም ከዶሮ ሥጋ ጋር ከበሰለ በኋላ ቀይ ወይም አረንጓዴ በርበሬ ይገባበታል፤ ገበታ ላይ ደግሞ ጥሬ ጎመን፣ ቀጫጭን ተደርጎ የተከተፈ ፍጅልና ሎሚ ይቀርብለታል። ሁሉም እንደወደደው እየጨመረ ይበላል። የአሳማ ሥጋ ለማይበላ ሰው የዶሮው ፖሶሌ አለለት፤ እንደ እኔ ፍርድ ከሆነ ከአሳማው አያንስም። በደቡብ አሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ያሉ ሰዎች ደግሞ፣ ማለትም በጆርጂያ፣ በአላባማ፣ በካሮላይና ያሉት፣ የተቀቀለውን ሆሚኒ በመጥበሻ ላይ በስብ ወይም በቅቤ፣ በሽንኩርትና በቁንዶ በርበሬ ጠበስ አድርገው ለቁርስ ይበሉታል።

አሁን ወደ ግሪትስ እንለፍ።

ግሪትስ የሚለው ቃል የእንግሊዞች የድሮ ቃል ነው፤ ሽርክት እንደማለት ነው። ደረቁ ሆሚኒ ተሸርክቶ የሚበስለው «የሆሚኒ ግሪትስ» ይባል ነበር። በቻርልስተን ከተማማ ነገሩ የበለጠ የተወሳሰበ ነው፤ የቆዩት የከተማዪቱ ሰዎች ጥሬውን ሽርክት «ግሪትስ»፣ የበሰለውን «ሆሚኒ» ይሉታል። እኛስ ጥሬውን ጤፍ፣ የበሰለውን እንጀራ እንል የለም እንዴ! ዛሬ ግን በመደብር የሚሸጠው አብዛኛው ግሪትስ በአመድም በኖራም ያላለፈ፣ እንዲሁ የተሸረከተ በቆሎ ነው። ይህንን ያዙልኝ።

አሠራሩ ትዕግሥት እንጂ ብልሃት አይጠይቅም። አንድ እጅ በድንጋይ ወፍጮ የተሸረከተ ግሪትስ፣ አራት እጅ ውሃ፣ ጨው። በመጀመሪያ ሽርክቱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ይደፋበትና የሚንሳፈፈው ገለባ ተቀንሶ ይጣላል። ከዚያ ውሃው ሲፈላ በአንድ እጅ ቀስ እያሉ እየበተኑ፣ በሌላው እጅ ማማሰል ነው። በአንድ ጊዜ የደፋው ሰው ይጓጉልበታል፤ ይህ ገንፎ ለሚያገነፋ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ልዩነቱ እሳቱ ላይ ነው። ገንፎ በብርቱ ክንድ ተመትቶ ፈጥኖ ይወጣል፤ ግሪትስ ግን በዝግተኛ እሳት ሦስት ሩብ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ይቆያል፤ ሲወፍር ውሃ ወይም ወተት ጠብ ይደረግለታል። በአምስት ደቂቃ የሚደርስ በፋብሪካ የተዘጋጀ ግሪትስም አለ። ለቸኮለ ሰው ምን ይደረጋል፤ ይሁን። ነገር ግን የበቆሎውን ጣዕም ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በዚያ አይጀምር።

ሲወርድ ቅቤ ይደረግበታል። አይብ የሚጨምርበት አለ፣ እንቁላል የሚያስቀምጥበት አለ። በካሮላይናና በጆርጂያ የባሕር ዳርቻ የሚኖሩት ጋላ ጊቺ የተባሉት ጥቁሮች፣ ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ልጆች፣ ከባሕሩ የሚያወጡትን ሽሪምፕ የተባለ ትንሽ የባሕር እንስሳ ጠብሰው በግሪትስ ላይ ያደርጉታል። የዓሣ አጥማጆች ቁርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 አንድ የኒውዮርክ ታይምስ የምግብ ጸሐፊ፣ ክሬግ ክሌቦርን የሚባል፣ በሰሜን ካሮላይና ምግብ ቤት ቀምሶት ስለ እርሱ ጻፈ፤ ከዚያ በኋላ የአጥማጆቹ ቁርስ በትልልቅ ምግብ ቤቶች በውድ ዋጋ የሚሸጥ እራት ሆነ። የጆርጂያ ክፍለ ግዛትም እ.ኤ.አ. በ2002 ግሪትስን የክፍለ ግዛቱ ይፋ የተዘጋጀ ምግብ አድርጎ በሕግ ደነገገ።

ስኳር ይደረግበት ወይስ ጨው? በዚያ አገር ይህ የክርክር ጉዳይ ነው። የደቡቡ ሰው ግሪትስ ላይ ስኳር ሲያይ፣ እኛ ሽሮ ላይ ስኳር ሲደረግ ብናይ የምንለውን ይላል። እኔ ከጨውና ከቅቤ ወገን ነኝ። መካከሉን ጎድጎድ አድርጎ የነጠረ ቅቤና በርበሬ ቢያደርግበት ገንፎ የለመደ ሰው ግሪትስን ሁለት ጊዜ አያስተምሩትም። የተረፈው ደግሞ አይጣልም፤ በዝርግ ዕቃ ላይ ተደርጎ ያድራል፣ ጧት እንደ ዳቦ ተቆርጦ በመጥበሻ ይጠበሳል። ውጪው ቀርጨጭ ሲል፣ ውስጡ ለስላሳ ሲሆን ከመጀመሪያው ቀን ይበልጥ ይጣፍጣል።

እስካሁን ስለ ጣዕሙ ተነጋገርን። አሁን ወዳስያዝኋችሁ ነገር እንመለስ። ግሪትስና የበቆሎ ዱቄት የደስታ ምግብ ብቻ አልነበሩም፤ የባሪያና የድሃ ቀለብም ነበሩ። ከባርነት አምልጦ ታላቅ ተናጋሪና ጸሐፊ የሆነው ፍሬደሪክ ዳግላስ እ.ኤ.አ. በ1845 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ የአንድ ሰው የወር ቀለብ ምን እንደነበረ ጽፏል፤ ጥቂት ኪሎ የአሳማ ሥጋ ወይም ዓሣ፣ እንዲሁም የበቆሎ ዱቄት። ባርነት እ.ኤ.አ. በ1865 ከቀረ በኋላም በእርሻው ላይ የእኩል አራሽ ሆነው የቀሩት ጥቁሮችና ድሃ ነጮች ገበታቸው ብዙ አልተለወጠም። ባለመሬቱ ጥጥ እንጂ ጎመን እንዲተክሉ አይፈልግም፤ ጥጡ እስከ ቤቱ ደጃፍ ድረስ ይዘራል። ላም የለ፣ ዶሮ የለ፣ ጓሮ የለ። የሚበሉት ከባለመሬቱ ሱቅ በዱቤ የሚወሰድ የበቆሎ ዱቄት ወይም ግሪትስ፣ ጮማና የሸንኮራ ማር ሆነ። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ጀምሮ ደግሞ አዳዲስ ወፍጮዎች ዱቄቱ እንዳይበላሽ ብለው የፍሬውን ልብ፣ ማለትም ሲዘራ የሚበቅለውን ክፍል፣ አውጥተው ይጥሉት ጀመር።

በዚያን ጊዜ አንድ በሽታ ተነሣ። ስሙ ፔላግራ ነው። ፔ - ላ - ግ - ራ፤ አራት ፊደል ነው። የጣሊያን ቃል ነው፤ ሻካራ ቆዳ እንደማለት። በመጀመሪያ ፀሐይ የሚነካው ቆዳ፣ ማለትም የእጅ ጀርባ፣ አንገትና እግር፣ እሳት የፈጀው መስሎ ይጠቁራል፣ ይሻክራል። ምላስ ይቆስላል፣ ተቅማጥ ይይዛል። ከዚያ እንቅልፍ ይጠፋል፣ አእምሮ ይናወጣል። ካልታከመ ይገድላል። ከ1906 እስከ 1940 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት በአሜሪካ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደተያዘበትና 100 ሺህ ያህል እንደሞተበት ይገመታል። አብዛኛው በደቡብ ነው።

ሐኪሞቹ ተላላፊ ነው ብለው አመኑ። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1914 ጆሴፍ ጎልድበርገር የተባለ ሐኪም ላከ። ይህ ሰው ከሃንጋሪ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር የተሰደደ ነበር። ወደ እብዶች ሆስፒታልና ወደ ሙት ልጆች ማሳደጊያ እየሄደ ተመለከተ። ምን አየ መሰላችሁ? በሽተኞቹ ፔላግራ ይዟቸዋል፤ አስታማሚዎቹን ግን አልያዛቸውም። ተላላፊ ቢሆን ኖሮ ቀንና ሌሊት አብረው የሚውሉትን እንዴት ይምራል? ስለዚህ ወደ ወጥ ቤት ሄደ። አስታማሚዎቹ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ያገኛሉ፤ በሽተኞቹ በቆሎ ነው። በሚሲሲፒ በሁለት የሙት ልጆች ማሳደጊያዎች ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋና ባቄላ እንዲጨመር አደረገ። በሽታው ጠፋ።

ያመነው ሰው ግን ጥቂት ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1915 ተቃራኒውን ሊያሳይ ተነሣ። በሚሲሲፒ የእስር ቤት እርሻ ላይ የነበሩ ጤነኛ እስረኞች ምሕረት እንደሚደረግላቸው ቃል ተገብቶላቸው የድሃውን ሰው ቀለብ ለስድስት ወር ያህል ሊበሉ ተስማሙ። ከቀለቡ መካከል ግሪትስ ነበረበት፤ የበቆሎ ዳቦም፣ ሩዝም፣ ሽሮፕም ነበረበት። ሥጋና ወተት ግን አልነበረበትም። እስከ መጨረሻው ከቆዩት 11 ሰዎች ስድስቱን ፔላግራ ያዛቸው። ሰውን በምግብ እያሳመሙ መመራመር ዛሬ የሚፈቀድ ነገር አይደለም፤ ያን ጊዜም ቢሆን በእስረኛ ላይ መደረጉ የሚያስመሰግን አልነበረም። ጎልድበርገር በራሱም ላይ ሞክሯል። አሁንም ተላላፊ ነው ለሚሉት ሰዎች መልስ እንዲሆን እ.ኤ.አ. በ1916 እርሱና ጓደኞቹ የበሽተኞችን ደም በመርፌ ተወጉ፤ ከቆዳቸው የተላጠውን እንኳ እየዋጡ አሳዩ። ባለቤቱም ተወግታለች። አንዳቸውንም ፔላግራ አልያዛቸውም። ያም ሆኖ ብዙ የደቡብ ሹማምንት ተቆጡ፤ ምክንያቱም በሽታው የድህነት በሽታ ነው መባሉን አልወደዱትም። ጎልድበርገር የጎደለው ነገር ስሙ ምን እንደሆነ ሳያውቅ እ.ኤ.አ. በ1929 ሞተ። በ1937 ኮንራድ ኤልቬየም የተባለ ሳይንቲስት አገኘው። ዛሬ ኒያሲን ይባላል፤ ቫይታሚን ቢ 3 የሚሉትም እርሱን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። የሜክሲኮ ሕዝብ ሺህ ዓመታት በቆሎ ሲበላ ፔላግራ እንዴት አላስቸገረውም? መልሱን ቀደም ብለን ምድጃ ሥር ትተነዋል። በቆሎ ውስጥ ኒያሲን አለ፤ ነገር ግን ታስሮ ነው ያለው። ሆድ ሊፈታው አይችልም፤ እንደገባ ይወጣል። አመዱ ወይም ኖራው ግን እስሩን ይፈታዋል። ልጣጩን ሲገፍፍ ኒያሲኑንም አብሮ ይለቅቀዋል። ኖራ ከሆነ ደግሞ ለአጥንት የሚጠቅመውን ካልሲየም ይጨምርበታል። እነዚያ ጥንታውያን ባለሙያዎች ስለ ቫይታሚን የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ ልጣጩ እንዲለቅ ፈለጉ፣ ሊጡ እንዲያያዝ ፈለጉ፣ ጣዕሙን ወደዱት። በቆሎው ወደ አውሮፓ ሲሄድ ፍሬው ሄደ፣ አመዱ ቀረ። ከዚያም የበቆሎ ገንፎ ብቻ ይበሉ የነበሩት የስፔንና የሰሜን ጣሊያን ድሆች በፔላግራ ተሠቃዩ። በስፔን ጋስፓር ካሳል የተባለ ሐኪም በሽታውን የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1735 ነበር። በአሜሪካ ደቡብም ያው ሆነ።

ሌላም ጥበብ ነበራቸው። ነባሮቹ ሕዝቦች በቆሎን ብቻውን አይዘሩትም፣ ብቻውንም አይበሉትም፤ ከቦሎቄና ከዱባ ጋር ነው። ጥራጥሬ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋና ለውዝ ሰውነታችን ራሱ ኒያሲን የሚሠራበትን ነገር ይሰጡታል። የእኛም እናቶች በቆሎ ከቦሎቄ ወይም ከሽንብራ ጋር ቀላቅለው ንፍሮ ሲቀቅሉ፣ ወይም የበቆሎ እንጀራ በሽሮ ሲያቀርቡ ያንኑ ያደርጋሉ።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1990 ከሞዛምቢክ ጦርነት ሸሽተው በማላዊ የሰፈሩ ስደተኞች ቀለባቸው በቆሎ ነበር። ለውዝም አብሮ ይሰጣቸው ነበር። ለውዙ ሲቋረጥ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ18 ሺህ በላይ ሰዎች ፔላግራ ያዛቸው። ጎሎባቸው የነበረው በቆሎ አልነበረም። ስለዚህ በድርቅ ወይም በስደት ጊዜ የአንድ ቤት ምግብ በቆሎ ብቻ ከሆነ፣ የሚጨመርለት ጥቂት ጥራጥሬ እንደ ማጣፈጫ መታየት የለበትም። የእጅ ጀርባውና አንገቱ በሁለቱም በኩል እኩል የጠቆረና የሻከረ፣ ተቅማጥም የያዘው ሰው ካያችሁ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ በጊዜው ከተሰጠ ይድናል።

ሆሚኒ ሠርታችሁ ለመቅመስ ለምትፈልጉ ጥቂት ማስጠንቀቂያ እንጨምርና እናብቃ። አመዱ ከንጹሕ እንጨት ይሁን፤ ቀለም የተቀባ ጣውላ፣ ላስቲክ ወይም ጎማ የነደደበት አመድ መርዝ ነው። ግድግዳ የሚቀባበትን ኖራም አትጠቀሙ፤ ለምግብ የተዘጋጀ አይደለም። በፋብሪካ የሚሠራው ኮስቲክ ሶዳ ልጣጭ ይገፋል፤ ዓይንና ቆዳም ይገፋልና በቤት ውስጥ አይነካ። የአመዱ ውሃ ራሱ ሲፈላ ዓይን ውስጥ ቢረጭ ይጎዳል፤ ልጆች ይራቁ። የአሉሚኒየም ድስት አይሆንም፣ የአመዱ ውሃ ይበላዋል፤ የሸክላ ወይም የማይዝግ ብረት ድስት ይሻላል። የሻገተ በቆሎ ደግሞ በአመድ ታጠበም አልታጠበም አይበላም።

ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ጣሳ በቆሎ ይበቃል። ማታ ቀቅላችሁ አሳድሩት፣ ጧት በደንብ እጠቡት፣ እንደገና ከቦሎቄ ጋር ቀቅሉትና ሊወጣ ሲል ጨውና ጥቂት ቅቤ ጣል አድርጉበት።